ቲሪል የቆረጠቻቸው ቁልፎች

ጉድቬይ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የትምህርት ቤቱን የማርሽ ባንድ ዩኒፎርም ስትጠግን ኖራለች። በቀረው ጊዜ ፖስታ ቤት ትሠራለች፤ ማክሰኞ ማክሰኞ ከሰዓት ግን ወደ ትምህርት ቤቱ ምድር ቤት ወርዳ፣ ሱፍና ናፍታሌን በሚሸተው ጠባብ ክፍል ከስልሳ ቀይ ኮቶች ጋር ትቀመጣለች። ልጅ አልወለደችም። የከተማው ልጆች ክንዳቸው ስንት ጣት እንደረዘመ ግን ከእናቶቻቸው ቀድማ ታውቃለች።

በረዶው ገና ሳይቀልጥ፣ የክላርኔት ነፊዋን የቲሪልን ኮት ስታነሳ አራት የነሐስ ቁልፎች ጎድለው አገኘች። አልተበጠሱም፤ ክሩ በመቀስ በጥንቃቄ ተቆርጧል። የአስራ ስድስት ዓመት ልጅ ናት፣ ምን አገባኝ ብላ ትርፍ ቁልፍ ከምታኖርበት ጣሳ ሌላ አራት አውጥታ ተከለችና ዝም አለች። በዚያ በረዷማ አገር የሰው ጉዳይ ውስጥ አለመግባት ጨዋነት ነው። በሦስተኛው ሳምንት ኮቱ ተመልሶ መጣ። አሁን የኮቱ ስምንት ቁልፎች በሙሉ የሉም።

መርፌዋ ላይ ክር አስገብታ እጇ እዚያው ቀረ። ወንድሟ ኦድሙንድ ትዝ አላት። እሱ አስራ ሰባት፣ እሷ አስራ አራት ዓመታቸው ሳለ፣ አንድ ክረምት ኦድሙንድ የመኝታ ቤቱን መጋረጃ እንዳይከፈት ቀን ከሌት በመርፌ ቁልፍ ይገጥመው ነበር። እናታቸው ቅዳሜ ቅዳሜ መርፌዎቹን ነቅላ፣ መጋረጃውን አጥባና ተኩሳ መልሳ ትሰቅላለች። አንድም ቀን ለምን አላለችውም። አባትየው «ዓይናፋር ነው፣ ተዉት፣ ያልፍለታል» ይል ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ ሐኪም ሲያየው የቤተሰቡን ድምፅ ለእሱ ብቻ ከሚሰማው ድምፅ መለየት አቅቶት ነበር። ዛሬም የሚኖረው በእንክብካቤ ቤት ነው።

ጉድቬይ መርፌዋን አስቀመጠች።

በሚቀጥለው ማክሰኞ ቲሪል ልትለካ መጣች። ድሮ በር ሳትከፍት ወሬ የምትጀምር ለፍላፊ ነበረች። አሁን ፀጉሯ ከታጠበ ሰንብቷል፤ ዓይኗ ከወለሉ አይነሳም።

«ቁልፎቹን እየበላሻቸው ከሆነ ንገሪኝ፤ ጃም አመጣልሻለሁ።»

ቲሪል አልሳቀችም። «ትቆጪኛለሽ።»

«ሃያ ሁለት ዓመት አይስክሬም የተደፋበት ሱሪ ሳጥብ ማንን ተቆጣሁ?»

ልጅቷ ሳጥን ላይ ተቀመጠች። «ያዩኛል» አለች። «ቁልፎቹ። እንደማያዩኝ አውቃለሁ። ማለቴ፣ ግማሹን ጊዜ አውቃለሁ።»

«ከመቼ ወዲህ?»

«ከገና በፊት። ክፍል ውስጥ ደግሞ ስሜን የሚያንሾካሹክ አለ። ስዞር ማንም የለም። እንቅልፍ የለኝም። ሒሳብ ወደቅኩ። እማዬ የፍቅር ጣጣ መስሏታል።»

«ለማን ነገርሽ?»

«ላንቺ። አሁን።»

ጉድቬይ የመለኪያ ሜትሩን ጠቅልላ አጠገቧ ቁጭ አለች። «እኔ ኮት ነው የምሰፋው፤ ይሄን አልችልበትም። የሚችሉ ሰዎች ግን አሉ፤ ስልክ ነው የሚፈልገው። ለእናትሽ አብረን እንነግራታለን።»

«አብዳለች ይሉኛል።»

«ግማሹን ጊዜ አውቃለሁ አላልሽም? እሱን ይዘን ነው የምንሄደው።»

እናቷ ሲቭ ሲደወልላት ከሥራ በቀጥታ ወደ ምድር ቤቱ ወረደች። ሁሉን ሰምታ ስታበቃ ወደ ጉድቬይ ዞረች። «ለምን ቀድመሽ አልነገርሽኝም?»

«አንዴ አይቼ ሰፋሁና ዝም አልኩ። ጥፋቴ ነው።»

ሲቭ ፊቷን በእጇ ሸፈነች። «እኔ ደግሞ ከክፍሏ አልወጣ ስትል ዋይፋይ እያጠፋሁ እቀጣት ነበር።»

«እሱስ በጣም አስከፍቶኛል» አለች ቲሪል። ሦስቱም በአንዴ ሳቁ፤ ሲቭ ግን እያለቀሰች ነበር።

ወደ ወጣቶች የአእምሮ ጤና ክሊኒክ ሲደውሉ፣ ስልኩን ያነሳችው ነርስ ስለ እንቅልፍ፣ ስለ ምግብ፣ ስለሚሰማት ድምፅ በለሰለሰ አንደበት ጠየቀች። ለሦስተኛው ቀን ቀጠሮ ሰጧት። ማንም ልጅቷን ይዞ አልወሰዳትም። በሳምንት አንዴ እየሄደች ታወራለች፤ እናቷም አብራ ትቀመጣለች፤ መጀመሪያ እንቅልፏን መለሱላት። ሐኪሟ ቃል አልገባችም፤ በጊዜ መጥታችኋል፣ ከዚህ ላይብስም ይችላል፣ እየተከታተልን እናያለን ነው ያለችው። ሲቭ ይህን በስልክ ስትነግራት ጉድቬይ ፖስታ ቤቱ ጓዳ ገብታ የደብዳቤ ከረጢት ላይ ቁጭ አለች።

ከብሔራዊ በዓሉ ሰልፍ በፊት ባለው ማክሰኞ ቲሪል የጉሮሮ ከረሜላ ቆርቆሮ ይዛ መጣች። ስትከፍተው አስራ ሁለት የነሐስ ቁልፎች።

«እንዴት ናቸው?» አለች ጉድቬይ።

ቲሪል አንዱን አገላብጣ አየችው። «ቁልፍ ናቸው። አንዱን እኔ ልስፋው?»

ሰፋችው፤ ጣቷን ሁለቴ ወግታ። በሰልፉ ቀን፣ ባንዱ በዋናው መንገድ ሲያልፍ፣ ያ ቁልፍ በቀጭን ክር ተንጠልጥሎ ይወዛወዝ ነበር። ጉድቬይ መርፌና ክር ኪሷ ውስጥ ነበራት። አላወጣችውም።

እሁድ ለኦድሙንድ ዋፍል የሚሉትን ጣፋጭ ቂጣ ይዛለት ሄዳ ስለ ልጅቷ ነገረችው። ይስማ አይስማ አታውቅም። ዓይኑን ከሳህኑ ሳያነሳ፣ «ሰው ጠየቃት?» አለ።

«ጠየቃት።»

«ጥሩ» አለና ዋፍሉን ለሁለት ከፍሎ ግማሹን ሰጣት።