ከብልቃጧ ሥር የቀረው

በቀደም ለጉልበቴ መርፌ ልወጋ ጎንደር አንድ ክሊኒክ ገብቼ ነበር። ነርሷ የመድኃኒቱን ብልቃጥ አንገት ቀጭ አድርጋ ስትሰብረው፣ የአልኮሉም ሽታ አፍንጫዬን ሲነካኝ፣ አያ መኳንንት ፊቴ ላይ ድቅን አለ።

አያ መኳንንት በንጉሡ ዘመን የመንደራችን የድብ ባሕር ድሬሰር ነበር፤ እኛ ግን ሐኪም ነበር የምንለው። መርፌውን የሚቀቅልባት የቆርቆሮ ሳጥን ከቆዳ ቦርሳው ውስጥ ስትንኳኳ መምጣቱን እናውቃለን። ታዲያ የሚታማበት አንድ ነገር ነበረው፤ ከብልቃጥ ሥር ሁልጊዜ ትንሽ መድኃኒት ያስቀራል። ለዘመዶቹ ሊወስደው ነው ይሉታል። የብርጭቆው ስባሪ ከሥር ይዘቅጣል ብሎ ቢምል ማን ይስማው!

አንድ ክረምት ታላቅ ወንድሜን ዓለሙን ቆላ ለአረም በወረደበት ወባ ያዘውና በቃሬዛ አመጡት። ሊማሊሞ ላይ ናዳ መንገዱን ዘግቶ ከጎንደር ማኪና አይመጣም። አያ መኳንንት እጅ የቀረችው አንዲት ብልቃጥ ነበረች፤ አንገቷን የሚሞርድባት ትንሽ ሞረድም አልቃ ልሙጥ ሆናለች። እንደምንም ሲሰብራት አንገቷ ደቀቀ። ወደ በሩ ብርሃን አንሥቶ አያት፤ ውስጧ ብልጭ ብልጭ ይላል። እስኪዘቅጥ ጠበቀና ከላይ ከላዩ ቀድቶ ወጋው። ግማሽ ያህሉ ከሥር ቀረ።

«ምነው አያ? ይኸስ የልጄ አይደለም?» አለ አባቴ።

«ብርጭቆ አለበት። አንዴ ከገባ አላወጣውም።»

«ስለ እመብርሃን! አሟጠህ ውጋልኝ!»

አያ መኳንንት መርፌውን ወደ ብልቃጧ ሰደደ፣ መለሰው፣ ደግሞ ሰደደ። በመጨረሻ ብልቃጧን መደቡ ላይ አስቀምጦ አንገቱን ደፍቶ ወጣ። ዓለሙ ለእሑድ አልደረሰም።

ማንን ልጥላ? ያኔም አላወቅሁ፣ ዛሬም አላውቅም። አባቴ ግን የልጁ ነፍስ ከዚያች ብልቃጥ ሥር ቀረች ብሎ አመነ። አያ መኳንንት ለቅሶ ሲደርስ ቀና ብሎ እንኳ አላየውም።

በጋ ሲገባ ብልቃጧ ደርቃ ነበር። እናቴ መዳፏ ላይ ስትገለብጣት ከደረቀው መድኃኒት ጋር የሚያብለጨልጭ የብርጭቆ ፍርፋሪ ወረደ። ይዛው አባቴ ፊት ቆመች።

«እይ፤ ይኸው፤ ሰውየው አልዋሸም» አለችው።

አባቴ ጎንበስ ብሎ አየው።

«ቢሆንም መድኃኒቱ ምነው በገባለት» አለና አለቀሰ።

እናቴ ፍርፋሪውን መልሳ ብልቃጧ ውስጥ ጨመረችው።