ጌቱ የመረጣት ሽጉጥ

ትእዛዙ የደረሰን ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነበር። ከንጋት በፊት ጉብታውን ይዘን ሬዲዮ እንድንተክል። አሥራ አንድ ነበርን። እኔ፣ አስቴር፣ ሬዲዮ ኦፕሬተር፣ ጌቱ ረዳቴ፣ ሙላት ደግሞ ጠመንጃ ይዞ የሁለታችን ጠባቂ። ሬዲዮና ባትሪ ለተሸከመ ሰው ጠመንጃ ስለሚከብድ ሃምሳ አለቃ ደስታ ሁለት የኪስ ሽጉጦች በመሐረብ ጠቅልሎ አመጣልን።

በእኛ ዘንድ መሣሪያ በማዕረግ አይታደልም ነበር። ሁሉም ይተኩስና የተሰማውን ሳያፍር ይናገራል፤ መሣሪያው ለሚስማማው እጅ ይሰጣል። ሃምሳ አለቃ ባዶ የሰርዲን ቆርቆሮ ድንጋይ ላይ አቆመ።

መጀመሪያ ትንሿን ያዝኩ። ኪስ ውስጥ መኖሯ አይታወቅም። እጀታዋ ግን አጭር ስለሆነ ትንሿ ጣቴ ማረፊያ አጣች። ስተኩስ አፈሙዟ ወደ ሰማይ ዘለለ፤ አንጓዬን አመመኝ። እንደገና ለማነጣጠር ብዙ ቆየሁ።

«ትራገጣለች» አልኩ።

«በቅሎ ናት እንዴ?» አለ ሙላት።

ሁለተኛዋ ወፈር፣ ከበድ ትላለች። ኪስ ትጎትታለች፤ ስትወጣም ከጨርቁ ጋር ትያያዛለች። ስትተኮስ ግን መዳፍን ገፋ አድርጋ ወደ ቦታዋ ትመለሳለች። ከሦስት ጥይት ሁለቱ ቆርቆሮውን አገኙት።

የጌቱ ተራ ደረሰ። እጁ ሰፊ ነው። በትንሿ ሦስት ጊዜ ተኮሰ፤ ቆርቆሮው አልተነቃነቀም። ቀኝ እጁን ቶሎ ኪሱ ከተተ።

«እንዴት ናት?» አለው ሃምሳ አለቃ።

«ለእኔ ትመቸኛለች። ትልቋን ለአስቴር ይስጧት።»

«ቆርቆሮው ግን አልሰማህም» አለ ሙላት። ሳቅን።

ሃምሳ አለቃ እንደ ልማዳችን ቃሉን አመነ። እኔ ግን ከጌቱ እግር ሥር፣ መሬቱ ላይ፣ ሁለት ጠብታ ደም አየሁ። የሽጉጧ የላይኛው ብረት ወደ ኋላ ሲመለስ በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መካከል ያለውን ሥጋ ቀዶታል። ዝም አልኩ። ትልቋን እኔም ፈልጌያት ነበር።

ሌሊቱን ጉብታውን ይዘን ሬዲዮውን ተከልን። በማግስቱ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ጠላቶች ከጉብታው ሥር ባለው ፈፋ በኩል መጡብን። ሃምሳ አለቃ በመጀመሪያው ተኩስ ወደቀ። መትረየሱ ላይ የነበሩት ከበደና ታደለም ተመቱ። ሁለት ሰዎች ሬዲዮው ያለበት ጉድጓድ ድረስ ዘለቁ። የሙላት ጠመንጃ ጥይት ነክሶ አልተኩስ አለው። በእኔ በኩል የመጣው ላይ ሁለት ጊዜ ተኮስኩ፤ ወደቀ። ሌላው ሙላት ላይ አነጣጠረ።

«ጌቱ፣ በለው!» አለ ሙላት።

ጌቱ ተኮሰ፤ ሳተ። ሽጉጧ በቆሰለው እጁ ውስጥ ዞረች። እስኪያስተካክላት ሙላት ወደቀ። ሁለተኛው ጥይት ሰውየውን አገኘው፤ ግን ዘግይቷል።

አራት ሰዓት ላይ ረዳት ጦር ደረሰ። አሥራ አንድ ወጥተን ሰባት ወረድን።

ከጦርነቱ በኋላ ከጌቱ ጋር ተጋባን፣ ኮልፌ ቤት ሠራን፣ ልጅ ወለድን። ስለዚያች ሽጉጥ አንድም ቀን አላወራንም። ልጃችን ሰላም ስለ ጠባሳው ስትጠይቀው «ቆርቆሮ ቆርጦኝ ነው» ይላት ነበር። ባለፈው ወር፣ ሆስፒታል ውስጥ፣ የቀዘቀዘ እጁን እንደያዘች ወደ እኔ ዞረች።

«እማዬ፣ እውነት ቆርቆሮ ነው?»

ይህን የምጽፈው ለእሷና ከእሷ በኋላ ለሚመጡት ነው።

ትልቋን ጌቱ ይዟት ቢሆን ሙላት ይተርፍ ነበር? ምናልባት እኔ እሞት ነበር። አላውቅም። የማውቀው ጌቱ ለእኔ ብሎ መዋሸቱን፣ እኔም አይቼ ዝም ማለቴን ነው።

ለአርባው፣ በጸሎት የሚጠራውን ስም ጽፌ እንድመጣ ካህኑ ነገሩኝ። የጌቱን የክርስትና ስም ጻፍኩ። ከሥሩ ጉብታው ላይ የቀሩትን አራቱን ጨመርኩ። የእነሱን የክርስትና ስም ስለማላውቅ ስንጠራራበት የነበረውን ጻፍኩ፤ ሙላትን አስቀድሜ።

ካህኑ ወረቀቱን ቀስ ብለው አነበቡት።

«ሙላት ምንዎ ነው?» አሉኝ።

«ጠባቂያችን ነበር» አልኳቸው።