በአጎበሩ ወዲያና ወዲህ

ዛሬ ጠዋት ሳጥኑን ስከፍት መጀመሪያ የመጣብኝ የቅርንፉድ ሽታ ነው። የከፈትኩት ያረጀ ጨርቅ ፍለጋ ነበር። ትናንት ከጎረቤት የተቀበልኳት ትንሽ ድመት ዕቃ ቤት ውስጥ ሆና ትጮሃለች፤ የቤቱ ባለቤት እኔ ነኝ የምትለው ትልቋ ድመቴ ደግሞ ከበሩ ውጭ ተቀምጣ፣ ጅራቷን ወለሉ ላይ እየመታች በጉሮሮዋ ታጉረመርማለች። እጄን ወደ ሳጥኑ ታች ስሰድ ቢጫ አበባ ያለበት፣ ጠርዙ የተተለተለ ሻሽ ያዝኩ። ወደ አፍንጫዬ አስጠጋሁትና እዚያው ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። የኤዶ ፋጡማ ሻሽ ነው።

እናቴ ለሥራ ዐረብ አገር ስትሄድ እኔን ከመልካ ጀብዱ አምጥታ እዚህ ድሬዳዋ አክስቴ ወርቄ ቤት ያስቀመጠችኝ ገና ትንሽ ልጅ ሳለሁ ነው። ይዤ የመጣሁት አንድ ፌስታል ልብስና በካርቶን ውስጥ ያለች አንዲት ግራጫ ድመት ነበር። ስሟ አዱሬ ነው፤ አዱሬ በኦሮምኛ ድመት ማለት ስለሆነ ስም አልወጣላትም ማለትም ይቻላል። በእኔና በእናቴ መሀል እየተኛች ያደገች ድመት ናት። እናቴ ከሄደች በኋላ ያንን መኝታ ከእኔ ሌላ የምታውቀው እሷ ብቻ ነበረች።

ችግሩ አክስቴ ቤትም ድመት መኖሯ ነው። እሜቴ ትባላለች። ሆዷ መሬት ሊነካ ምንም ያልቀረው፣ ቀይ፣ ከአክስቴ ባል ከጋሼ ታደሰ ወንበር ሌላ መቀመጫ የማታውቅ፣ እንግዳ ሲመጣ ቀና ብላ አይታ ፊቷን የምታዞር ድመት ነበረች። አክስቴ "እሜቴ ዛሬ አኩርፋለች"፣ "እሜቴ ዛሬ ደስ አላላትም" ትላለች እንጂ "ድመቷ" ስትል ሰምቻት አላውቅም።

አክስቴ ደግ ሴት ናት፤ ደግነቷ ግን ይቸኩላል። በእሷ ቤት የተጣሉ ሰዎች በአንድ ትሪ ቀርበው ከተጎራረሱ ታረቁ ማለት ነው፤ የሰፈራችንን ስንቱን ባልና ሚስት፣ ስንቱን ባለሱቅ እንዲህ አድርጋ አስታርቃለች። የድመቶቹም ነገር ከዚህ የተለየ ሆኖ አልታያትም። በመጣሁ ማግስት ጉበት ከታትፋ በአንድ ሳህን አድርጋ ወለሉ መሀል አስቀመጠች። አዱሬን ከካርቶኑ አወጣች፣ እሜቴን ከወንበሯ አነሳች፣ አፍንጫ ለአፍንጫ ገጠመቻቸውና "በሉ፣ ብሉና ተስማሙ" አለች። እሜቴን ልታጎርሳትም እጇን ዘርግታ ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በቅደም ተከተል መናገር አልችልም። ሳህኑ ተገለበጠ፣ እሜቴ መጋረጃውን ቧጥጣ ጣሪያው ሥር ደረሰች፣ አዱሬ ደግሞ የምትገባበት ጠፍቷት እየሮጠች ጋሼ ታደሰ ራቁት ሆድ ላይ ዘለለች። ጋሼ የቀን እንቅልፋቸው ላይ ነበሩ። ድሬን የሚያውቅ የቀን እንቅልፍ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል፤ ቆርቆሮው በሙቀት ሲንጣጣ፣ ሱቆች ሲዘጉ፣ ባጃጆች ጥላ ፈልገው ሲቆሙ፣ ሰው ሽርጡን አገልድሞ ቀዝቃዛው ሲሚንቶ ላይ ይዘረጋል፤ በዚያ ሰዓት የሰው በር ማንኳኳት እንኳ ነውር ነው። ጋሼ ሽርጣቸውን በአንድ እጅ፣ ሆዳቸውን በሌላው ይዘው ተነሱ።

"ወርቄ! ይቺ ድመት እስከ ቅዳሜ አደብ ካልገዛች ከደቻቱ ማዶ ነው የምጥላት፣ ወላሂ!"

ጋሼ አንገታቸው ላይ ማተብ አለ፤ ሲናደዱ ግን የሚምሉት በጎረቤት መሐላ ነበር።

ከደቻቱ ማዶ ማለት ምን ማለት እንደሆነ በሁለት ቀን ውስጥ ተምሬ ነበር። ሰው ድመት ሲሰለቸው መንገዱን እንዳታይ በጆንያ ከትቶ፣ ያንን ደረቅ የወንዝ አሸዋ አሻግሮ፣ ገበያው አጠገብ ይፈታታል። ጋሼም የዚያኑ ዕለት ባዶ ጆንያ በሩ ላይ ሰቀሉ። እኔ አላለቀስኩም፣ አልለመንኩምም። ከመጣሁ ጀምሮ ከ"እሺ" ሌላ ቃል ከአፌ አልወጣም ነበርና እንዴት ተብሎ እንደሚለመንም አላወቅሁበትም። አዱሬን ካርቶኗ ውስጥ መልሼ ከውኃው በርሜል ኋላ ተቀመጥኩ።

ኤዶ ፋጡማ ከእኛ ጋር በአንድ የቆርቆሮ አጥር የምትዋሰን ሶማሌ ጎረቤታችን ነበረች፤ ኤዶ በሶማሊኛ አክስት ማለት ነው። ግቢዋ ሁልጊዜ ድመት አይጠፋበትም፤ ቅርንፉድ ቅርንፉድ የሚሸት ሻሿን እያስተካከለች ጩኸቱን ተከትላ መጣች። አክስቴ የሆነውን ስትነግራት ሳቋ አላስቆም ብሏት ደፉ ላይ ተቀመጠች።

"አቦ ወርቄ! ድመት እንደ ባልና ሚስት ታስታርቂያለሽ እንዴ? ባልና ሚስቱስ እዚያው ትሪ ላይ አይደል የሚጣሉት!"

"ታዲያ ምን ላድርግ? አንቺ ነሽ አዋቂዋ!" አለች አክስቴ ተቆጥታ።

ኤዶ ወደ በርሜሉ መጣች። እኔን ሳይሆን ካርቶኑን እያየች "ሆዮ" አለችኝ። ሆዮ እናት ማለት ነው፤ ሶማሌ እናት ግን ልጇንም ሆዮ ብላ ትጠራለች። ያን ዕለት ይህንን ስላላወቅሁ እናትሽ የት ናት ያለችኝ መስሎኝ አንገቴን ደፋሁ።

"ድመት መጀመሪያ የምትተዋወቀው በአፍንጫዋ ነው፤ ይሄ ቤት ደግሞ ጠረኑ ሁሉ የእሜቴ ነው። ያንቺዋ ዘው ብሎ የገባ ሌባ መስላታለች። አትፍረጂባት፣ ቀስ ብለን እናሳውቃታለን።"

ሻሿን ከራሷ ላይ ፈትታ የአዱሬን ጉንጭና አገጭ አሸችበት፤ እሱን ወስዳ እሜቴ ወንበር ሥር አነጠፈችው። እሜቴ የምትተኛበትን የጋሼን አሮጌ ሽርጥ ደግሞ ለአዱሬ ሰጠቻት። አዱሬ ዕቃ ቤት ገብታ በሩ ተዘጋባት፤ እኔ ከዚያው ከሚያስፈራኝ ደቻቱ በባልዲ አሸዋ አምጥቼ መጸዳጃ አበጀሁላት። እሜቴ ሻሹን ባሸተተች ጊዜ ጆሮዋን ወደ ኋላ አስተኝታ እንደ እባብ ተነፈሰችበትና ያን ቀን በወንበሩ አጠገብ ሳታልፍ ዋለች። በማግስቱ ሻሹ ላይ ቆመች። ከዚያ ወዲያ ተኛችበት።

ምግባቸውን ከተዘጋው በር ወዲያና ወዲህ እናስቀምጥላቸው ነበር፤ መጀመሪያ አርቀን፣ ከዚያ እየቀረብን፣ አንዷ የሌላዋን ጠረን ከምግብ ጋር እንድትለምደው። በሩ ይከፈት ሲባል ግን አክስቴ ፈራች፤ መጋረጃው ገና አልተሰፋም። በመጨረሻ ለወባ የታደለን አሮጌ አጎበር በሩ መቃን ላይ በሚስማር ተመታ። እኔም ከአጎበሩ አጠገብ ቁጭ ብዬ እውላለሁ። ኤዶ እንዳስተማረችኝ፣ የድመት ጅራት እንደ ጠርሙስ ብሩሽ ሲነፋ ፈርታለች ማለት ነው፤ የጅራቷ ጫፍ ብቻ ሲወዛወዝ እንደ ውሻ ደስ ብሏት ሳይሆን ነገር ከብዷት ነው፤ ጅራቷን ቀጥ አድርጋ ስትመጣ ሰላምታ ነው። "አታፍጪባት" ትለኝ ነበር ኤዶ፤ "ቀስ ብለሽ ጨፍኚ፣ ቀስ ብለሽ ክፈቺ። አልጣላሽም ማለት ነው በእነሱ ቋንቋ።" በአጎበሩ ወዲያ ተቀምጬ እሜቴን እንዲያ ሳደርግ ሰነበትኩ። አንድ ጠዋት ያቺ ኩሩ ድመት ቀስ ብላ ዓይኗን ጨፍና ከፈተችልኝ፤ ድሬ ከገባሁ እንደዚያ ደስ ያለኝ ቀን አልነበረም።

አክስቴ እኔንም ማዕድ ላይ ታፈጥብኝ ነበር። "ለምን አታወሪም? ምን ሆንሽ? ብዪ እንጂ!" ስትለኝ እጄን ከትሪው እሰበስባለሁ። ኤዶ አንድ ምሳ ላይ በአጥሩ ቀዳዳ ሰምታ ኖሮ "ወርቄ፣ ልጅቷንም በአንድ ሳህን ልታስታርቂያት ነው?" አለቻት። አክስቴ ከዚያ ቀን በኋላ ምግቤን አቅርባልኝ ፊቷን ወደ ጋሼ አዙራ ስለ ሽንኩርት ዋጋ ታወራ ጀመር፣ እኔም መብላት ጀመርኩ።

ቅዳሜ ደረሰ። ጆንያው እንደተሰቀለ ነው። ጋሼ ምሳ በልተው ከጆንያው ሥር ተዘረጉ፤ ቤቱ ጸጥ አለ። ያን ጊዜ የአጎበሩ አንድ ሚስማር ለቅቆ አዱሬ በታች በኩል ሾልካ ስትወጣ አየኋት። እሜቴ ከወንበሯ ወረደች። ተጠጉ፣ አፍንጫ ለአፍንጫ ተሸታተቱ፤ እሜቴ ጥፍሯን ሳታወጣ አዱሬን አንዴ በጥፊ አለቻት፤ ሥርዓት ለማስያዝ ያህል። ከዚያ ዞራ ጋሼ እግር ሥር፣ ሽርጣቸው ጫፍ ላይ ተኛች። አዱሬም ትንሽ አሰበችና ራቅ ብላ እዚያው ሽርጥ ላይ ተጠቀለለች።

ጋሼ በእንቅልፋቸው ተገላበጡ። እግራቸው ተነሣ፤ ሊዘረጋ ነው፣ በሁለቱ መሀል ሊያርፍ ነው።

"ጋሼ! እግርዎን አያውርዱ!"

ከራሴ ጉሮሮ እንደወጣ የገባኝ ጋሼ ዓይናቸውን ሲከፍቱ ነው። አክስቴ ጭልፋ እንደያዘች ከማድቤት ሮጣ መጣች። ከአጥሩ ማዶ ኤዶ "ማነው የጮኸው?" አለች። ጋሼ እግራቸውን አየር ላይ እንዳንጠለጠሉ ወደ ድመቶቹ፣ ከዚያ ወደ እኔ ተመለከቱ።

"ይቺ ልጅ ድምፅ አላት እንዴ?" አሉ፤ በሹክሹክታ። ድመቶቹን እንዳይቀሰቅሱ።

እግራቸውን ቀስ አድርገው ወደ ጎን አሳረፉና ድመቶቹ እስኪነቁ ሳይነቃነቁ ተኙ። ሲነሱ እግራቸው ደንዝዞ አክስቴ ደግፋቸው ነው የቆሙት። ጆንያውን ከሚስማሩ አውርደው "ከሰል ግዢበት" አሏት። እኔ ዕቃ ቤት ገብቼ፣ ደቻቱን ከነአሸዋው ከደረቴ ላይ ያነሱልኝ ይመስል፣ በረጅሙ ተነፈስኩ።

ከዓመታት በኋላ እናቴ ተመለሰች። ያረጀችው አዱሬ እጇን ደጋግማ አሸተተች፣ አሸተተችና ጅራቷን ቀጥ አድርጋ ቆመች። እናቴ ያን ጊዜ ነው ያለቀሰችው።

አሁን አዱሬም እሜቴም የሉም፣ ጋሼም የሉም። የቆርቆሮው አጥር በብሎኬት ተተክቷል፤ ብሎኬት ደግሞ ቀዳዳ የለውም፣ ከማዶ ማን እንደሚኖር እንኳ አላውቅም። ኤዶ ፋጡማ ጅቡቲ ልጇ ዘንድ ስትሄድ ሻሹን ለእኔ ትታልኝ ሄደች፤ ማረፏን የሰማነው በስልክ ነው። ከዚያ ወዲህ ሻሹን አላጠብኩትም። አልፎ አልፎ ሳጥኑን ከፍቼ፣ ቅርንፉዱ እንዳያልቅ ቶሎ እዘጋው ነበር።

ዛሬ ሌላ ጨርቅ ሞልቶ ነበር። ሻሹን እንደያዝኩ ዕቃ ቤት ገብቼ የትንሿን ድመት ጉንጭ አሸሁበትና ለትልቋ አነጠፍኩላት። መጀመሪያ ተነፈሰችበት። ከሰዓት ስመለስ ተኝታበታለች።

ማምሻውን አንስቼ አሸተትኩት፤ ድመት ድመት ብቻ ይሸታል። አዝናለሁ ብዬ ጠብቄ ነበር፣ አላዘንኩም። ለትልቋ መልሼ አነጠፍኩላትና ቀስ ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩላት።