ቀዩ የቡድሃ መጽሐፍ

መጽሐፍ እየተከራየን በምናነብበት ዘመን ነው። መካኒሳ አቦ አካባቢ ያለው አከራይ ስለ ቡድሃ ሁለት መጻሕፍት ነበሩት። «ቀዩ ይሻላል፤ ግን የወሰደው ሰው አልመለሰውም» ብሎ ቀጭኑን ሰጠኝ። ሰው እንዳያይብኝ በጋዜጣ ለብጄው ታክሲ ውስጥ ሳነብ፣ የነፍስ አባቴ ገብተው አጠገቤ ተቀመጡ። መስቀል አሳለሙኝና መጽሐፉን ከእጄ ወስደው ገለጥ ገለጥ አደረጉት። ስንት ስግደት ይሆን የሚያዙኝ እያልኩ አቀረቀርኩ።

«ለማወቅ ያህል ነው፣ አባ።»

«ለማወቅማ ይሄ አይሆንሽም» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ሰውየው ያደገበትን ቤተ መንግሥት ሲያወራ ያልቃል። ስለ ሰው ልጅ ስቃይ ያለውን አይነግርሽም። ቀዩን አንብቢ።»

«ቀዩን የወሰደው ሰው አልመለሰውም አሉኝ።»

አባ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

«እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አመጣልሻለሁ።»