በመናፈሻ የተቀመጥነው ለቅሶ

በዚያ ዓርብ ከባሕሩ ዳር ካለው መናፈሻ የነበርነው እነዚህ ነን፤ በአንድ ባለጸጋ ቤት ወጥ የምትሠራውና ሁላችንም «እቴ» የምንላት የቦረና ሴት፣ የውኃ ቦቴ የሚነዳው የደጎሎ ሰው፣ ከማሻ የመጣው ግንበኛ፣ ከአገር ቤት ከመጣ ገና ወር ያልሞላው የለጋምቦ ገበሬ፣ እኔ፣ በመጨረሻም ስለ እርሷ ስንል የተሰበሰብንላት የአቀስታ ልጅ። ስማቸውን አልጠራም። በሕይወት ያሉት ቢሰሙ አይወዱም፤ የሌሉትን ደግሞ ማስፈቀድ አይቻልም።

ነገሩን የቀሰቀሰብኝ ሽታ ነው። እዚህ መካነ ሰላም፣ ከመናኸሪያው አጠገብ፣ ከዐረብ አገር የተመለሰች ሴት ሻይ ቤት ከፍታለች። ከሰዓት በኋላ ብርዱ ሲበረታ ጎራ እላለሁ። በቀደም ዕለት ሳላዝዛት ወተት የበዛበት ሻይ አምጥታ ፊቴ አስቀመጠች፤ ሄል ገብቶበታል። የአገራችን ኮረሪማ አይደለም፤ ያ ስስ፣ ጣፋጭ፣ ከአፍንጫ ይልቅ ዐይንን የሚነካው የዐረቦቹ ሄል ነው። እንፋሎቱ ፊቴን ሲያገኘው ብርዱም፣ የባጃጁ ጩኸትም፣ የተቀመጥሁበትም አግዳሚ ራቁኝ።

«አባባ፣ አልጣፈጠም እንዴ?» አለችኝ።

«ጣፍጧል» አልኋት። ስለዚያ ዘመን ለሚጠይቀኝ ሰው ሁሉ ስመልስ የኖርሁት ከዚህ የማይረዝም ነው። ለአንተ ግን ጥቂት ልጨምርልህ።

በልጅነቴ ቅኔ ቤት ገብቼ ነበር፤ ኋላም አስኳላ። የሁለቱም ትምህርት ተደምሮ ያደረሰኝ በባሕር ዳርቻ ከተቆረቆረ የዐረብ ከተማ፣ ከአንድ የቧንቧና የቀለም መጋዘን ጸሐፊነት ላይ ነው። የአገሬ ልጆች «የኔታ» ይሉኛል፤ ግማሹ አክብሮት፣ ግማሹ ቀልድ። ሳምንቱን ሙሉ አማርኛ የምናገረው ሰው ስላልነበረኝ፣ ዓርብ ጧት ከመስተዋት ፊት ቆሜ ጥቂት ቃል አወጣ ነበር፤ ድምፄ መኖሩን ለማረጋገጥ።

ዓርብ የዕረፍታችን ቀን ነው። ጁምዓ ከተሰገደ በኋላ ከመናፈሻው እንገናኛለን። እቴና ሾፌሩ ከመስጊድ እስኪወጡ እኔና ግንበኛው ከቴምሩ ዛፎች ሥር የላስቲክ ምንጣፋችንን አንጥፈን ቦታ እንይዛለን። የባሕሩ ነፋስ ጨውና የተጠበሰ ሥጋ ይሸታል። የአገሬው ቤተሰብ ከነልጁ፣ ከነከሰል ምድጃው በየሣሩ ላይ ሰፍሯል። ከመንገዱ ማዶ ካለች ኪዮስክ በወረቀት ኩባያ ያን ሄል የገባበትን ሻይ እንገዛለን፤ ከዚያ ወሬ ነው። የማን እርሻ በረዶ መታው፣ የየትኛው ወንዝ ድልድይ ተሠራ፣ የማን ልጅ አገባች። ከወር በፊት የሆነውን እንደ ትናንት እናወራዋለን።

የአቀስታዋ ልጅ በሰው ቤት ሠራተኛ ነበረች። የምትወጣው በወር አንድ ዓርብ፣ ከቀትር እስከ መግሪብ ብቻ ነው። ወደዚያ አገር የገባችው በሌላ ስም ነው፤ የክርስቲያን ስም ያላትን የሚቀጥር ቤት ጥቂት ስለሆነ ደላላው በፓስፖርቷ የእስላም ስም አሰፍሮላታል። ከቤቱ በዚያ ስም ትጠራለች። ከምንጣፋችን ስትደርስ ግን ካህን ያወጣላትን ስም እንጠራታለን፤ ወዲያው «አቤት» አትልም፤ «እስቲ አንድ ጊዜ ድገሙልኝ» ትላለች።

ከሾፌሩ ጋር የነበራቸው ጠብ የወሩ መዝናኛችን ነበር።

«የአቀስታ ልጅ መጣች! ሙቀቱ ቀነሰ፤ ልብስ ደርቡ!» ይላል ገና ከሩቅ። «እዚያ እኮ እሳቱም ጋቢ ለብሶ ነው የሚነድ።»

«የደጎሎ ሰው ብሎ ተናጋሪ! እንግዳ በር ሲመታ፣ ስንዴው ገና አልታጨደም ትሉ የለ?»

«እንላለን። እንግዳው ከአቀስታ ከሆነ ብቻ።»

እቴ እየሳቀች ትገላግላለች፤ «ኧረ በአላህ ተዋት! ወር ቆይታ ለመጣች ልጅ ስድብ ታቀርባለህ?» ልጅቱ ግን መገላገሉን አትወደውም። ወሩን ሙሉ ያጠራቀመችው መልስ አላት።

ገበሬው ወሬውን ይዞ የመጣው እንዲህ በሆንበት ሰሞን ነው። የልጅቱ እናት ሞታ ተቀብራለች፤ አርባዋም ወጥቷል። ወንድሟ አደራ ብሎታል፤ «በስልክ እንዳትሰማ። የአገሯ ሰዎች ተሰብስባችሁ በወጉ አርዷት።»

በእኛ ዘንድ መርዶ በማለዳ ነው፤ ሰው ከቤቱ ሳይወጣ። ጎረቤት ቀድሞ ይሰበሰባል፤ ሐዘንተኛው ከራሱ ወለል ላይ ወድቆ ያለቅሳል፤ ሦስት ቀን ከጎኑ ሰው አይለይም። ይህች ልጅ ግን የራሷ ወለል የላትም፤ ማለዳዋም የሌላ ሰው ነው፤ ያላት የአንድ ዓርብ እኩሌታ ነው። ከእርሷ ዓርብ በፊት በነበረው ዓርብ ተቀምጠን መከርን።

«አንነግራትም» አለ ግንበኛው። «አልቅሳ የት ልትገባ ነው? ሰው ቤት እኮ ናት።»

«የሞተችው እናቷ ናት!» አለች እቴ። «ሳታለቅስላት ትክረም? ነገ ከሌላ ሰምታ፣ እኔ ስስቅ እናንተ ታውቁ ኖሯል ብትለን በምን ዐይናችን እናያታለን?»

ገበሬው ምንጣፉን በጣቱ እየቧጠጠ፣ «እኔ አደራ ይዣለሁ» ብቻ አለ።

ሾፌሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀልድ አጣ። በመጨረሻ ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። «ቃል ያንተ ነው፣ የኔታ» አሉኝ። ሳምንቱን ሙሉ በመጋዘኑ ውስጥ፣ በቀለም ጣሳዎች መካከል እየተመላለስሁ ንግግሬን ስሰድር ሰነበትሁ። ከምን እንደምጀምር፣ ከየት ላይ ጥቂት እንደማርፍ፣ ስሟን መቼ እንደምጠራ አውቄ ነበር።

ቀኑ ደረሰ። ሾፌሩ ከድርጅቱ በተዋሳት ፒካፕ አመጣት። ብርቱካንማ ሻሽ አስራ፣ ራሷ የጠበሰችውን ሳምቡሳ በፌስታል ይዛ ወረደች።

«ይሄን ሰውዬ ምን አደረጋችሁት? ታሟል እንዴ?» አለች ገና ሳትቀመጥ። «መንገዱን ሙሉ አንድ ክፉ ቃል አላወጣም! በሩን ከፍቶ፣ ግቢ እህቴ፣ አለኝ።»

ሳቅን፤ ግን ሳቃችን ዘግይቶ የመጣ ሳቅ ነበር። ከጥላው ደኅናውን ቦታ ለቀቅንላት። መርዶ የሚነገረው ሰው አስቀድሞ እህል መቅመስ አለበት፤ ኋላ ለቀናት አይቀምስምና። ስለዚህ እቴ አጎረሰቻት። ግንበኛው ብርቱካን ልጦ ሰጣት። እኔ ሻይዋን አቀረብሁላት። እቴ እንደገና፣ «ብይ፣ የኔ አበባ፣ ከስተሻል» አለቻት። ልጅቱ ጉርሻውን በእጇ እንደያዘች የሁላችንንም ፊት በየተራ ተመለከተች።

«ዛሬ የሚያጎርሰኝ በዛ» አለች ቀስ ብላ። «የሚሰድበኝ ግን ጠፋ።»

ጥላውን አስበንበታል፤ እህሉን አስበንበታል፤ ንግግሩን ሳምንት ሙሉ አስቤበታለሁ። ስድቡን ግን ማንም አላሰበበትም።

ያን ጊዜ ዐይኗ አይታው ከማታውቀው ከገበሬው ላይ አረፈ።

«አንተስ አገርህ የት ነው?»

«ከዚያው ካንቺው» አላትና አቀረቀረ።

ጉርሻውን ከሳህኑ መለሰችው። ወደ እኔ ዞረች፤ ከመካከል የተቀመጥሁት እኔ ነበርሁና። «እናቴ ናት?»

ያ ሁሉ የተሰደረ ቃል ወዴት እንደሄደ እስከ ዛሬ አላውቅም። «እርሷ ናት» አልኋት።

ልትነሣ፣ ደረቷን ልትመታ እጇን አነሣች። እቴ ፈጥና ሳበቻትና ከዐባያዋ ሥር አስገባቻት፤ በዚያ መናፈሻ ዘበኛው ጩኸት አይወድም፤ ከሰማ ፖሊስ ይጠራል። ስለዚህ የአቀስታዋ ልጅ እናቷን ያለቀሰቻት ከእቴ ደረት ውስጥ ነው። ውጭ ለሚያየን፣ አንዲት እናት የታመመች ልጇን ያቀፈች ትመስላለች። የአገሬው ሕፃናት ኳስ እየተንከባለለ ከምንጣፋችን መጣ፤ ግንበኛው ዕንባው በጉንጩ እየወረደ መልሶ ወረወረላቸው። እኔ በቃሌ ዳዊት ደገምሁ፤ እቴ በአንድ እጇ ልጅቱን እንደያዘች ሌላውን መዳፏን ዘርግታ ዱአ አደረገች። «ሶብር አድርጊ። አብሽሪ» ትላታለች በየመካከሉ። ሾፌሩ ከፒካፑ ጀርባ ሄዶ ቆመ።

ብዙ ቆይታ ቀና አለችና ገበሬውን አጠገቧ አስቀመጠችው።

«ቀብሯ ላይ ነበርህ?»

«ነበርሁ።»

«ቅሬው ወጣ?»

«ዕድርተኛው ሙሉ ወጣ። እስላም ክርስቲያን ሳይባል። መቃብሩን የቆፈሩት የታችኛው መንደር ልጆች ናቸው።»

«ዝናብ ነበር?»

«ማታውን በረዶ ጥሎ አደረ። ጧት ግን ፀሐይ ወጣች። ስንቀብራት መሬቱ ነጭ ነበር።»

ከዚያ፣ «ላሟስ?» አለች። «እርጉዝ ናት ብላኝ ነበር።»

«ወለደች። ጥጃዋ ሴት ናት። የወንድምሽ ሚስት ታልባታለች።»

«እርሷ እጇ ከባድ ነው» አለች ልጅቱ፤ ከሁሉ ይልቅ በዚህ እንደገና አለቀሰች።

ይህን ስጽፍ ከሻይ ቤቱ ውጭ የሚኒባሱ ረዳት «አቀስታ! አቀስታ የሞላ!» እያለ ይጮኻል። የሚጮኸው ሁልጊዜ ነው፤ መኪናው ግን ሞልቶ አያውቅም። ተሳፍሬ ልሄድና የሰው ቤት በር ልመታ አስቤ አውቃለሁ። ማንን ልጠይቅ? ልጅቱ ከዚያ በኋላ ጥቂት ወራት መጥታ፣ ጌቶቿ ወደ ሌላ ከተማ ሲዛወሩ ይዘዋት ሄዱ። ተመልሳ ይሁን፣ እዚያው ቀርታ ይሁን የነገረኝ የለም።

ፀሐይ ወደ ባሕሩ ስትጠጋ ከሕዝብ ቧንቧው ሄዳ ፊቷን ታጠበች፤ ደጋግማ፣ ውኃውን በዐይኗ ላይ እየያዘች።

«ቀልቷል?» አለች እቴን።

«ትንሽ።»

«ማዳም ካየችው የወንድ ነገር ነው የሚመስላት። ዓርቤን ትከለክለኛለች።»

«እናቴ ሞተች በያት!» አለ ግንበኛው። «ሰው አይደለችም?»

«ደግ ናት፤ ዱአም ታደርግልኝ ነበር። ግን የማንን እናት ብላ? እርሷ የምታውቃት ልጅ እኮ እኔ አይደለሁም።»

ሻሿን አስተካከለችና ከምንጣፉ ጫፍ ቆመች። ለቅሶ ደራሽን የሚያሰናብተው ባለ ሐዘኑ ነው፤ እርሷም እንደ ባለቤት በየተራ እጃችንን ያዘች። «እግዜር ይስጥልኝ። ደክማችኋል። በደስታ ያገናኘን።» እኔ ዘንድ ስትደርስ እጇ ከቧንቧው ውኃ ገና እርጥብና ቀዝቃዛ ነበር። ሾፌሩ ሞተር አስነሣ፤ የእቴም ቤት በዚያው መንገድ ስለሆነ አብራት ገባች። ሳምቡሳው ሳይፈታ ከምንጣፉ ላይ ቀረ።

ምንጣፉን ከጫፉ መጠቅለል ስጀምር ገበሬው እጁን ጫነበት።

«የኔታ፣ ምን ሊያደርጉ ነው?»

«መሽቷል እኮ።»

«ለቅሶ ቤት ባዶ ይተዋል?»

ግንበኛው ተቆጣ። «የቱ ቤት? ሐዘንተኛዋም ሄዳለች!»

«እርሷማ ሥራ አለባት፣ ሄደች» አለ ገበሬው፤ ልጅ እንደሚያስረዳ ሰው ለስለስ ብሎ። «ለቅሶው ግን የት ሄደ? እኛው ነን እንጂ ያለነው።»

ይህ ሰው ከተማውን አያውቀውም፤ ቋንቋውን አያውቅም፤ ሥራም ገና አላገኘም። ግን ከዚያ ምንጣፍ የሚያስነሣው ኃይል እንደሌለ ገባኝ። ጫፉን መልሼ ዘረጋሁት። ግንበኛውም እያጉረመረመ ጫማውን አውልቆ ተቀመጠ። በዙሪያችን ቤተሰቡ ሁሉ ከሰሉን እያጠፋ፣ ልጆቹን በስም እየጠራ ይነሣል። የመግሪብ አዛን ተሰማ። በባሕሩ ዳር መብራቶቹ በተራ በራ በራ አሉ፤ ነፋሱ ሣሩ ላይ የቀረውን ወረቀት ወደ ውኃው ይነዳዋል። ሦስታችን፣ እኔና ግንበኛው አይተናት በማናውቃት ሴት ሐዘን ላይ ተቀመጥን።

ጥቂት ቆይቶ የፒካፑ መብራት ዛፎቹን ጠረገና ጠፋ። ሾፌሩ እየተጎተተ መጣ።

«ገባች?» አለው ግንበኛው።

«ገባች። በሩ ሲከፈት፣ እሺ ማዳም፣ ስትል ሰማሁ። ድምፅዋ ደኅና ነበር።»

ለምን እንዳልተነሣን አልጠየቀም። ጫማውን አወለቀና ከገበሬው አጠገብ ተቀመጠ። አራት ሆንን።