ወንዝ ዳር የተደበቀብኝ መርዶ

ሥራ የጀመርኩ ቀን ጋሽ ወርቁ ወደ ወንዝ ሳይሆን ወደ እንጦጦ ነው የወሰዱኝ። እሳቸው የአስጎብኚ ድርጅታችን የካምፕ አለቃ ነበሩ። ደርግ ወድቆ ቱሪስት እንደገና መምጣት የጀመረበት ጊዜ ስለነበር ሰው ይፈለጋል፣ እኔም በኩክነት ልቀጠር ነው። ከየካ ሚካኤሉ ግቢያችን በአሮጌ ላንድክሩዘር ዳገቱን ወጣንና ባሕር ዛፍ መሃል ዕቃ አራገፍን።

«እዚህ ነፋስ ላይ ዳቦ ከጋገርክ ኦሞ ዳርም ትጋግራለህ» አሉኝ።

ፒያሳ ሆቴል ውስጥ ረዳት ሆኜ ስለሠራሁ ነገሩን ንቄው ነበር። የተሰጠኝ ግን ክዳን ያለው የብረት ሳጥን፣ አካፋና ከሰል ብቻ ነው። ፍሙን ከሥር ታነጥፋለህ፣ ሳጥኑን ታስቀምጣለህ፣ ክዳኑ ላይም ፍም ትጭናለህ። የመጀመሪያው ዳቦዬ ከሥሩ ከሰል፣ ከውስጡ ሊጥ ሆነ። ጋሽ ወርቁ ቆርሰው አኘኩና «ድገመው» አሉ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የሚበላ ዳቦ ወጣልኝ፣ ተቀጠርኩ።

ኦሞ ዳር የምንሰፍረው ትልልቅ ሾላዎች ሥር ነው። የእንግዶቹ ድንኳኖች ፊታቸውን ወደ ወንዙ አዙረው ይተከላሉ፤ የኔ የወጥ ቤት ድንኳን ከኋላ ነው፤ ሠራተኛው መኪኖቹ አጠገብ ይተኛል። ማለዳ ጉሬዛዎች ከላይ ሆነው ቁርሳችሁን ይመለከታሉ፣ ጉማሬ ከማዶ ያጉረመርማል። ፈረንጅ ያን ያህል ባሕር አቋርጦ የሚመጣው ለዚህ ነው። እኔ በመጀመሪያዎቹ ጉዞዎች ድንጋጤ እንጂ ሌላ ነገር አላተረፍኩም።

የቀበና ልጅ ነኝ። ወንዝ ማለት ለኔ ሱሪ ሰብስቦ ገብቶ ዕቃ የሚታጠብበት ቦታ ነው። ስለዚህ ድስቶቼን ታቅፌ እንደ ልማዴ እስከ ጉልበቴ ገባሁ። ወዲያው አንድ እጅ ኮሌታዬን ይዞ ወደ ኋላ ጎተተኝና በጀርባዬ አሸዋው ላይ ተዘረርኩ። ጋሽ ወርቁ ናቸው። በጣታቸው ወደ ውሃው ጠቆሙ። ቆሜበት ከነበረው ቦታ ትንሽ ራቅ ብሎ ሁለት ዓይኖች ይታያሉ። ቀስ ብለው ጠለቁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዕቃ የማጥበው ድንኳኔ ጀርባ፣ በበርሜል ውሃ ነው።

ሾፌራችን ሁሴን ይህን ሲሰማ «የቀበናው አዞ» የሚል ስም አወጣልኝ። ሁሴን ተረበኛ ነው። በሽንኩርት አከታተፌ፣ በአኳኋኔ፣ በመዝሙሬ ሁሉ ይቀልድብኛል። እኔም በመኪና አነዳዱ እመልስለታለሁ። ለዓመታት እንዲህ እየተባባልን አብረን ሠራን።

አሁን የምነግራችሁ ነገር የሆነው እናቴ ስኳር በሽታ አልጋ ላይ ያዋላት ጊዜ ነው። ጉዞ ሲመጣ አልሄድም ብዬ ነበር። ታናሽ እህቴ ትርሲት ናት ያስወጣችኝ። ቀን አንድ ሱቅ ውስጥ ትሸጣለች፣ ማታ ትማራለች፣ በመሃል እናታችንን ታስታምማለች።

«ሂድ እንጂ! እኔ አለሁ አይደል? አንተ እዚህ ተቀምጠህ ከምትቆዝምባት ይሻላታል» አለችኝ።

ሄድኩ። ግን ልቤ ቀበና ቀረ። እንጀራ ብዬ ወጥቼ እናቴን ሳላያት እንዳትሞት ፈራሁ። ሌላ ፍርሃት አልነበረኝም።

ካምፕ በገባን በጥቂት ቀናት ሁሴን አትክልት ሊገዛ ጂንካ ሄደ። ስልክ ያለው እዚያ ስለሆነ ሁልጊዜ ቢሮ ይደውላል። ሲመለስ ቲማቲሙን አውርዶ «ግርማ፣ ደህና ዋልክ?» አለኝ። በስሜ ሲጠራኝ የመጀመሪያው ነበር። ቀና ብዬ አየሁት፣ ዓይኑን ሰበረ። ከዚያ ጋሽ ወርቁን ወደ ወንዙ ይዞ ሄደና ረጅም ጊዜ ቆመው አወሩ።

ይህን ነገር አውቀዋለሁ። በኛ ልማድ ሰው ዘመዱ ቢሞትበት ከቤቱ ርቆ መርዶ አይረዳም። ሰበብ ተፈልጎ ወደ አገሩ ይመለሳል፣ አንድ ቦታ ያድራል፣ ሲነጋ ሽማግሌና ጎረቤት ከቦት ይነገረዋል። አንድ የድንኳን ሠራተኛችን አባቱ የሞቱ ጊዜ እኛው መኪና ተበላሸ ብለን ይዘነው ተመልሰናል። ያን ጊዜ ብላ እያልኩ የለመንኩት፣ ላለማልቀስ ወሬ ያበዛሁት እኔ ነበርኩ።

አስጎብኚው ሳምሶን መጣ። «ሼፍ፣ ዛሬ ዲነር ሲምፕል ይሁን። ጌስቶቹ ራሳቸው ናቸው ያሉት።»

እነዚህ እንግዶች ከምሳ ሲነሡ ስለ እራት የሚጠይቁ ናቸው። እጄ ሊጡ ውስጥ እንዳለ ደረቀ።

ከእነሱ መሃል ትኩስ ዳቦዬን የምትወድ አንዲት አሮጊት ጀርመናዊት ነበረች። ወጥ ቤት ድንኳን ገባች፣ ሊጥ የተለወሰ እጄን በሁለት እጆቿ ያዘች። ዓይኗ ቀልቷል። አፏን ልትከፍት ስትል ሳምሶን «ፕሊስ! ፕሊስ!» እያለ ሮጦ ደረሰ። ጉንጬን ዳሰሰችና ወጣች።

ክው አልኩ። ፈረንጅ ሳይቀር ያውቃል። እማዬ ሞታለች።

አልጠየቅሁም። ብጠይቅ ይዋሹኛል፣ ዋሽተውም ይጨነቃሉ። ደግሞ ስሟ እስካልተጠራ ድረስ ያለች መሰለኝ። በማግሥቱ ጋሽ ወርቁ «የጋዝ ምድጃው መለዋወጫ ከአዲስ አበባ ይፈለጋል፣ ከሁሴን ጋር ሂድ» ሲሉኝ «እሺ» አልኩ። ምድጃው ደህና እንደነበር ሁለታችንም እናውቃለን።

ሁሴን መንገዱን ሁሉ ካሴት አልከፈተም። አርባ ምንጭ ስናድር ለእራት ዓሣ አዘዘልኝ።

«ብላ እንጂ።»

«በላሁ እኮ።»

«አልበላህም፣ እያየሁህ ነው።» ከሳህኑ ቆርሶ አጎረሰኝ።

በማግሥቱ መኪናው ውስጥ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ እናቴን አለቀስኳት። ድምፅ ሳላወጣ፣ ሁሴን እንዳላየ እየሆነልኝ። ሻሸመኔ ስንደርስ መጽናናት እንኳን ጀምሬ ነበር። ዕድሜ ጠግባለች፣ ሕመሙም አሠቃይቷታል፣ ትርሲት አጠገቧ ነበረች አልኩ። ከዚያ ለትርሲት አዘንኩ። ያን ቤት ብቻዋን እንዴት ትችለዋለች? አዲስ አበባ ካራ ሰፈር የተከራየሁትን ክፍል ለቅቄ ቀበና እገባለሁ፣ ትምህርቷን እስክትጨርስ እኔ እይዛታለሁ ብዬ ወሰንኩ። ምን ብዬ እንደማጽናናት ሳይቀር አሰብኩ።

ማታ የካ ስንደርስ ሁሴን «ሚስቴ ሳታይህ አትሄድም» ብሎ ቤቱ አሳደረኝ። ሰበቡ ገብቶኝ ነበርና አልተከራከርኩትም።

ሲነጋጋ የሰፈራችን የዕድር ዳኛ ከሦስት ሽማግሌዎች ጋር መጡና ወደ ቀበና ይዘውኝ ወረዱ። በራችን ላይ የዕድሩ ድንኳን ተተክሏል። ማንም አፉን ሳይከፍት «እማዬን!» ብዬ ጮህኩ። ደረቴን መታሁ፣ ያዙኝ።

የድንኳኑ ሸራ ተገለጠና በሁለት ሴቶች የተደገፈች አሮጊት ወጣች። እናቴ ናት።

ጩኸቴ አፌ ውስጥ ቀረ። መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ከሞት ተነሥታ የመጣች መሰለኝ። ደስታ ይሁን ፍርሃት ለይቼ አላወቅሁም።

«እማዬ፣ አለሽ?» አልኳት።

«እኔማ አለሁ ልጄ። ትርሲቴ ናት እንጂ! ትርሲቴ ናት ጥላን የሄደች!»

ከሱቅ ስትወጣ መንገድ ስታቋርጥ ሚኒባስ ገጭቷት ነው። እኔ በመኪና መስኮት እያየሁ ስለ ትምህርቷ ሳስብ እሷ ተቀብራለች። ያቺን ጠዋት ባስታወስኩ ቁጥር እንደ አዲስ እደነግጣለሁ። እናቴን ሁለት ቀን ሙሉ በሕይወት ሳለች አልቅሻታለሁ፤ ለእህቴ ግን በተነገረኝ ሰዓት እንባ አልመጣልኝም። ለቀስተኛው ጸናህ አለኝ። አልጸናሁም፣ ደርቄ ነው።

ከሣልስቱ በኋላ ሁሴን መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ።

«መንገድ ላይ አውቀህ ነበር?»

«አውቄ ነበር። ግን እማዬን ነው ያልኩት።»

ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። «እንዴት ልንገርህ ግርማ? በዚያ በረሃ ብነግርህ ማን ይይዝህ ነበር?» አለኝ።

«አንተ» አልኩት።

አልተቀየምኩትም፤ የሠራው እኔም የምሠራውን ነው።

ጋሽ ወርቁ ጡረታ ሲወጡ የካምፕ አለቃነቱን እኔ ተረከብኩ። መርዶ ሲመጣ በመጣበት ሰዓት፣ ሰውየውን አስቀምጠን፣ የሟቹን ስም አስቀድመን እንድንናገር አዘዝኩ። ሠራተኛው አጉረመረመ፣ ጨካኝ ያለኝም አለ። አንድ ቀን የረዳቴ የወንድሙ ሞት ተሰማ። በጠራራ ፀሐይ ኦሞ ዳር ነገርኩት። አሸዋው ላይ ተንከባለለ፣ እኔና ሁሴን ይዘነው አብረን አለቀስን፣ እንግዶቹ ምሳቸውን ትተው ቆመው አዩን። ከዚያ ሁሴን መኪናውን አስነሣ። ልጁ ቀብር አልደረሰም። መንገዱን የገባው ግን ለማን እንደሚያለቅስ አውቆ ነው።