በግድግዳዬ ላይ የተለጠፉት ልጆች

እነዚህ ስልካቸውን ደግነው ሲያነሡ የሚውሉ የላሊበላ ልጆች «እማማ፣ የእናንተ ጊዜ ፎቶ እንዴት ነበር?» እያሉ ነዘነዙኝ። ፊደል አልቆጠርኩም፤ እኔ እናገራለሁ፣ የልጅ ልጄ ትጽፋለች።

ሥራ የጀመርኩት ብልባላ ገበያ ነው። ፎቶ አንሺው ጋሽ ሞላ የሳጥን ካሜራቸውን በሦስት እግሩ አቁመው እኔን ከባልዲው አጠገብ አስቀመጡኝ። ሥራዬ ፎቶ ማጠብና በገመድ ማስጣት ነበር። ከሳጥኑ መጀመሪያ የሚወጣው ወረቀት ላይ ፊት ጥቁር፣ ፀጉር ነጭ ነው። ያንን ደግመው ሲያነሡት ነው ትክክለኛው መልክ የሚመጣ። ጥቁሩን ይጥሉታል።

እኔ ለቀምኩት።

«አንቺ፣ ሰይጣን ማርባት ጀመርሽ?»

«ጥርሱ የጠቆረ ሰው ሲስቅ ማየት ደስ ይለኛል፣ ጋሼ።»

ከገበያ ገበያ ስንዞር የለቀምኩትን በዱቄት ሙጫ ግድግዳዬ ላይ ለጠፍኩት። እያየሁ እያየሁ ጥቁሩን ፊት መለየት ለመድኩ።

ከዚያ አፈሳ መጣ። ጎረምሶቹ ከገበያ እየተያዙ ጦር ሜዳ ወረዱ፤ የብዙዎቹ መርዶ ብቻ ተመለሰ። እናቶች ወሬ ሰምተው የልጃቸውን መልክ ፍለጋ ቤቴ ይመጡ ጀመር። የየአገሩን ልጅ ባንድ ወገን ልደርድር ብዬ ሳነሣ ሁለቱ ተቀደዱብኝ። ከዚያ ወዲያ መንካት ፈራሁ።

አንድ ቀን ከገነተ ማርያም አንድ ቄስ መጡ። የልጃቸው የፈንታው ወሬ ከጠፋ ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ ቤታቸው አንድም ፎቶ የለም። ግድግዳውን አዩ፣ አዩ።

«ሁሉም አንድ ናቸው፣ ልጄ።»

«ምልክቱን ይንገሩኝ፣ መምሬ።»

«ሲቆም ግራ ትከሻው ዝቅ ይላል።»

«እንግዲያስ ቀኙን ነው የምፈልግ። በጥቁሩ ላይ ግራና ቀኝ ይገለበጣል።»

ከማዕዘኑ ዘንድ አገኘሁት። ቢቀደድ ሌላ የለም። ጨርቅ ለብ ባለ ውኃ ነክሬ፣ ሙጫው እስኪለሰልስ ያዝኩበት። ከጆሮው ጥግ ትንሽ ግድግዳው ላይ ቀረ እንጂ ወጣ። ጋሽ ሞላ ፀሐይ ላይ ደግመው አነሡት። ፈንታው ነጭ ጥርሱን ይዞ ከባልዲዬ ወጣ።

«ከጥጉ መስቀል ልሣልበት? ለለቅሶ እንዲያ ነው የሚያሠሩት» አሉ ጋሽ ሞላ።

«ግዴለም፤ እንዲሁ ይሁን» አሉ መምሬ።

እኔ ለለቅሶ የወሰዱት መስሎኝ ኖርኩ። ከስንት ዓመት በኋላ ሴት ልጃቸውን ኩልመስክ ገበያ አግኝቼ ጠየቅኳት። ለቅሶ ተቀምጠው አያውቁም። ደርግ ሲወድቅ፣ የተበተነው ወታደር በሚያልፍበት በወልዲያ መንገድ ዳር ቆመው ላለፈው ሁሉ ፎቶውን ሲያሳዩ ከረሙ።

«ከእጃቸው ላብ የተነሣ ፊቱ ጠፍቶ ነበር» አለችኝ። «እሳቸው ግን ማሳየቱን አልተዉም።»